የጅማ አሮጌ ቤት ውስጡ ሲታደስ

አሮጌ የጭቃ ቤት የወረሰ ወይም የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው፤ ቀጥሎ ጂፕሰም ሠሪ፣ ከዚያ ሴራሚክ አንጣፊ። ሦስቱም ሥራቸውን ጨርሰው፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሐምሌ ሲገባ ቀለሙ ያብጣል፣ ጂፕሰሙ ላይ ቢጫ እድፍ ይሰፋል፣ ሴራሚኩም ሲረገጥ ባዶ ድምፅ መስጠት ይጀምራል። ባለሙያዎቹ አላጠፉም፤ የተጠሩት ያለ ተራቸው ነው።

ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል። ከመጋቢት ይጀምራል፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል ይበረታል፣ መስከረምን ይሻገራል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመች ደረቅ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ወለል የሚከፈተውና ግድግዳ የሚፈርሰው ኅዳር ላይ ነው፤ ጭቃው በታኅሣሥና በጥር ይደርቃል፤ ቀለምና ቫርኒሽ ለየካቲት ይቀራሉ። መጋቢት ላይ የተጀመረ ምርጊት ሳይደርቅ ይከርማል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ በላዩ የተቀባውንም ቀለም ይዞ ይወርዳል። እንጨቱ ደግሞ ከዚህም ቀድሞ፣ ሥራው ከሚጀመርበት በፊት በነበረው በጋ መገዛት አለበት። ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

እዚህ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ቤት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ቋሚና ማገር ሆኖ በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በጅማው የሂርማታ ሰፈርና በአካባቢው ገና የቆሙ አሉ፤ አንዳንዶቹ ፎቅና የእንጨት በረንዳ ያላቸው የነጋዴ ቤቶች ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ዋናው ሀብት እንጨታቸው ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው ወጣት ዛፍ ተሰንጥቆ እርጥብ እርጥቡን የሚሸጥ ነው፤ አሮጌው ቤት ውስጥ ያለው ጥድ፣ ዝግባ ወይም ዋንዛ ግን ከትልቅ ዛፍ ልብ የወጣና ለዓመታት የደረቀ ነው። «አሮጌ ነው» ተብሎ ለማገዶ የሚወረወረው ጣውላ ብዙ ጊዜ ከሚተካው አዲስ ጣውላ ይበልጣል። እኔ አንድም ጣውላ በካቻቢቴ ሳይወጋ ከቤቱ አይውጣ ባይ ነኝ።

ውስጡን ከመንካት በፊት ውጪውን መዞር ግድ ነው። ቤቱ ሲሠራ የወለሉ ከፍታ ከግቢው በላይ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግቢው አፈር ይጠራቀምበታል፣ ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ዝቅ ያለ ይሆናል። የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከግድግዳው ሥርም በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጪ መዳፋት ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ መጀመሪያ የሚያዘው ዶማና አካፋ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ የተቆለለ አፈር ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ውኃ ወደ ቋሚዎቹ ያደርሳል፣ ለምስጥም ከድንጋዩ መሠረት በላይ ድልድይ ይሆናል። የጣሪያው ክፈፍም ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራውን የአባ ጅፋር ዳግማዊን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ክፈፉ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያስታውሳል። የያኔ አናጢዎች በጭቃና በእንጨት ሲሠሩ ዝናቡ ግድግዳ እንዳይነካ አድርገው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፉን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆርጥ ሰው ትርፉን በግድግዳ ይከፍላል።

ኮርኒስ ላይ እድፍ ሲታይ ሁሉ ጣሪያው ያፈስሳል ማለት አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጅማ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሰማዩ በጠራ ማለዳ ከቤቱ የሚወጣው ሞቃት አየር የያዘው እርጥበት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃ ተለውጦ ይንጠባጠባል። መለያው ቀላል ነው። ዝናብ በዘነበ ሰዓት የሚረጥብ ቀዳዳ አለው፤ ዝናብ ሳይኖር ጠዋት የሚረጥብና በማገሮቹ መስመር ተሰልፎ የሚታይ ጠብታ ግን ከውስጥ የመጣ እርጥበት ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው ምስማር ነው፤ የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በሞገዱ አናት ላይ፣ ከነጎማው እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይደለም። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው አየር ነው፤ በሁለቱም ጠርዝ ከክፈፉ ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ተትቶ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ እንዲናፈስ ማድረግ። ቀዳዳ እየፈለገ ጣሪያ ላይ የሚንከራተት ብዙ ሰው አለ፣ ችግሩ ግን የታፈነ ኮርኒስ ነው።

አሁን ወደ ወለሉ። ጣውላ ከመነቀሉ በፊት እያንዳንዱ ከጠመኔ ጋር ይተዋወቅ፦ ከበሩ ጀምሮ ቁጥር ይጻፍበት፣ የቤቱ አቅጣጫ በቀስት ይመላከት። አሮጌ ጣውላ ከጎረቤቱ ጋር ተላምዶ የተቀመጠ ስለሆነ ቦታው ቢቀያየር አይገጥምም። ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚሄደው ጠባብ ጣውላ፣ መጀመሪያ ይነሳል። ቀጥሎ ከግድግዳ ጋር ያለው የመጨረሻው ጣውላ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ለመክፈቻ የሚሰዋ ነው፣ ወንድና ሴት ሆነው የተጋጠሙ ከሆነ ምላሱ መቆረጡ አይቀርም። ሌሎቹ ከሥራቸው በረጅም ብረት፣ በምስማሩ አጠገብ፣ ትንሽ በትንሹ ይነሳሉ። ጫፉን ይዞ ወደ ላይ መሳብ ጣውላውን ርዝመቱን ይዞ ይሰነጥቀዋል። ምስማሩ ዝጎ ካልወጣ በብረት መጋዝ ከሥር መቁረጥ ይሻላል፤ በመዶሻ ወደ ኋላ መምታት ፊቱን ይገነጥለዋል።

ወለሉ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያየው አቧራና የአይጥ ጎጆ ነው፤ መታየት ያለበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ጣውላውን ከሥር የሚሸከመው ወፍራም እንጨት፣ ሞራሌው፣ ግድግዳው ውስጥ የገባበት ጫፍ። መሐሉ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ያንን ጫፍ በካቻቢቴ ሲወጉት ያለ ግፊት 3 ሳንቲ ሜትር ይገባል። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ በአግድምና በቁም ተሰነጣጥቆ እንደ ትናንሽ ዳማ ተከፋፍሏል፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል፣ የእንጉዳይ ሽታ አለው። ከላይ ጣውላው ላይ ምንም ምልክት አልነበረም፤ ሰው ሲራመድ ጥግ አካባቢ ትንሽ ከመርገብገቡ በቀር። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ጫፉ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አየር አያገኝም። እንጨት የሚበሰብሰው ውስጡ ያለው እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ ሲያልፍና እንደዚያው ሲቆይ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መቶ ዓመት ቢቀመጥም አይበሰብስም።

የበሰበሰው ጫፍ ሲቆረጥ በዓይን ከሚታየው ጉዳት 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቆረጥ፤ ፈንገሱ ከሚታይበት ቦታ ቀድሞ ይሄዳል። በቦታው አዲስ ሞራሌ ከአሮጌው ጎን ይደረብና ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ሦስት ቦታ ይታሰራል፤ ከብሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላ (ክብ የብረት ቀለበት) ካልገባ ብረቱ እንጨቱን እየበላ ይላላል። አዲሱ ጫፍ ግን ወደ ጭቃው አይመለስ። ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት እግር ላይ፣ በመሐላቸው ቁራጭ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ላስቲክ ተደርጎ ይቀመጥ። ባለ 5 በ7 ሞራሌ በቁሙ ሲቀመጥ በየ1.20 ሜትሩ እግር ይፈልጋል፤ ከዚያ ከራቀ ይረገበገባል። በሞራሌዎቹ መካከል ያለው ርቀት ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላን ለመሸከም ከ50 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። ከመሬቱ እስከ እንጨቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ደግሞ በየሁለት ሜትሩ፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት፣ ወንፊት የተደረገባቸው የአየር ቀዳዳዎች ይከፈቱ። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቀዳዳ አየር አያሳልፍም። ብዙ ቤት ውስጥ እነዚህ ቀዳዳዎች ከመጀመሪያው ነበሩ፤ አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ ተደፈኑ፣ ወለሉም ከዚያ በኋላ መበስበስ ጀመረ።

በሩ አልዘጋ ካለ፣ መስኮቱ ከተጣመመ፣ ጥፋቱ ከእነሱ ላይሆን ይችላል። ቱንቢ አውርዶ ቋሚውን ማየት ነው። መሬት ውስጥ የገባው የቋሚ እግር በስብሶ ቤቱ በዚያ ጥግ ሰጥሞ ይሆናል። ይህን ብቻውን የሚሠራ ሰው ማሰቢያ ጊዜ ይውሰድ፤ ፎቅ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ልምድ ያለው አናጢ ሳይጠሩ አይሞከርም። አንድ ደርብ ከሆነ የመኪና ክሪክ በወፍራም ጣውላ ላይ ይቀመጥና በላዩ ጠንካራ አጣና ቆሞ ከላይ ያለውን አግዳሚ ይደግፋል። በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚነሳው። በአንድ ቀን ቀና ይበል ማለት ምርጊቱን ከላይ እስከ ታች ይተረትራል፣ መስታወቱንም ይሰብራል። ክብደቱ ከለቀቀ በኋላ ቋሚው ከበሰበሰው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥና ከሥሩ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት እግር ይሞላል፤ አናቱ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር፣ ማለትም ሳምንት ሳይሞላው፣ ክሪኩ አይነሳ። ሲጠነክር፣ ክሪኩ ከመነሳቱ በፊት፣ የጥድ ቁራጭ ወይም ድንጋይ በኮንክሪቱና በቋሚው መሐል ይገባል። እንጨት ዳግም አፈር አይንካ።

ስለ እንጨት ግዢ። ለ4 በ4 ሜትር ክፍል 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ 20 ያስፈልጋል፤ ለብክነት ሁለት ተጨምሮ 22። ሞራሌ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት 9 ነው። ባለ 7 ሳንቲ ሜትር ምስማር በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት፣ በጠቅላላው 360፤ ወደ ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ሁለት ኪሎ ይገዛል። አሮጌው ጣውላ ግማሹ ከዳነ የጣውላው ሂሳብ በግማሽ ይወርዳል። ዋንዛ ጅማ ላይ የታወቀ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ የሚፈለፈለውም ከእሱ ነው። ለሥራ ይገራል፣ ሲደርቅ ብዙም አይጠማዘዝም። ቀረሮ ይረክሳል፣ ግን ምስጥና ነቀዝ ይወዱታል፣ እርጥብ ሆኖ ከተቆለለም በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፤ ለኮርኒስ እንጂ ለወለል አልመርጠውም። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ለድብቅ ተሸካሚ እንጂ ለሚታይ ጣውላ አይሆንም።

ገበያ ላይ «ደረቅ ነው» የሚባል ጣውላ ሁሉ እርጥብ ነው ብሎ መነሣት ጤና ነው። ተገዝቶ ሲመጣ ከዝናብና ከፀሐይ በተጠለለ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይደረደራል፤ በየድርድሩ መካከል 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሊስትሎዎች (ቀጫጭን እንጨቶች) በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባሉ፣ ከላይ እስከ ታችም በአንድ መስመር ይሆናሉ። መስመሩ ከተዛባ ጣውላው እንደተዛባ ይደርቃል። ጫፎቹ በተረፈ የዘይት ቀለም ይቀቡ፤ ውኃ ከጫፍ ስለሚፈጥን መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ እንዲህ ተደርድሮ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ ቀድሞ እንዲገዛ ያልኩትም ለዚህ ነው። መድረቁን የሚናገረው ሚዛን ነው፦ ከመሐል አንድ ጣውላ ወጥቶ በየሳምንቱ ይመዘን፤ ክብደቱ ለሦስት ሳምንት ካልቀነሰ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል። እርጥብ የተመታ 20 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ጥር ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጠብባል፤ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ይሆናል። በተቃራኒው በበጋ አጥንት ሆኖ የደረቀው እርስ በርስ ተጠጋግቶ ከተመታ ነሐሴ ላይ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ከመሐል ይነሳል። ስለዚህ በበጋ ሲመታ በጣውላዎቹ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል፣ በክፍሉ ዙሪያ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ ዙሪያውን ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ዞኮሎው ግድግዳው ላይ ይመታ፣ ወለሉ ላይ አይመታ፤ ከሁለቱም ጋር ከታሰረ የተተወው ክፍተት ጥቅም የለውም።

ምስማር ከመመታቱ በፊት በትራፓኖ ቀዳዳ መክፈት የጣውላ ጫፍን ከመሰንጠቅ ያድናል። የምስማሩ ራስ ወደ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ይስመጥ። ቀዳዳውን ለመድፈን ከዚያው እንጨት የወጣ ጥሩ ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ይሞላል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ከጎረቤቱ ጥቂት ጠቆር ይላል እንጂ ዓይን አይወጋም።

ምስጥና ነቀዝ አንድ አይደሉም፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ምስጥ ከመሬት ይመጣል፤ በድንጋዩ ወይም በግድግዳው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መሄጃ ይሠራል፣ እንጨቱን ከውስጥ በልቶ ቆዳውን ይተዋል። መሄጃው ተሰብሮ በማግሥቱ ከተጠገነ ምስጡ ሥራ ላይ ነው። ትግሉ ከአፈሩ ጋር ነው፤ አፈር ከእንጨት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ ማጥፋት፣ ከወለሉ ሥር የተቀበሩ የእንጨት ቁራጮችን ለቅሞ ማውጣት፣ መሠረቱን በዓይን ሊታይ በሚችል ሁኔታ መተው። የምስጥ ኬሚካል ሲያስፈልግ አፈሩ ላይ እንጂ መኝታ ክፍል ወለል ላይ አይረጭም፤ ውኃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ቋሚ ያገለግላል፣ ቤት ውስጥ ግን ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ በላዩ ቀለምም አይዝም። ነቀዝ በበኩሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳና ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይተዋል፤ የሚበላውም የግንዱን ነጩን ክፍል ነው። በዋንዛ ላይ ነጩ ከቡናማው ልብ በግልጽ ስለሚለይ ሲገዛ ነጭ ያለበትን ጣውላ ወደ ጎን ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ የአሮጌ ማድቤት ወራጆች ጥቀርሻ ጠጥተው ሲጠቁሩ ከሌላው ቤት እንጨት ሁሉ ጤነኛ ሆነው የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭስ እንጨቱን ያደርቃል፣ ተባይም ይሸሸዋል። እነሱን «ቆሽሸዋል» ብሎ መለወጥ ሞኝነት ነው።

ግድግዳ ላይ ትልቁ ስሕተት ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳልም። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን መመለሻውን ይዘጋል፤ ከሥር የሚወጣው ውኃ ከሲሚንቶው ጀርባ ተጠራቅሞ ቋሚዎቹን ያበሰብሳል፣ ከፊት ግን ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያምር ሆኖ ይቆያል። በወንፊት ሽቦና በምስማር ቢያዝም ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ይለያያሉ፤ በጣት አንጓ ሲመታ ባዶ የሚጮኸው ሁሉ መውረድ አለበት። የሚነቀለው በመሮና በትንሽ መዶሻ ነው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ማገሩን እንዳይበጥስ ቀስ ተብሎ።

የሚመለሰው ምርጊት ጭቃ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ብዙ ስለሆነ ብቻውን ከተመረገ ይሰነጠቃል። ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት ሦስት ሙከራ በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፦ አፈርና አሸዋ እኩል፣ አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሦስት፤ ሁሉም ላይ በደንብ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ግማሽ እጅ ይግባ። ሲደርቁ ያልተሰነጠቀውና በእጅ ሲታሽ ያልረገፈው ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መሐለኛው ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሳምንት በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆይ፣ በየሦስት ቀኑ ይረገጥ። ሽታው ሲከብድ ደርሷል ማለት ነው፤ ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ነገር ጭቃውን ያጣብቀዋል። የመጀመሪያው ንብር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው በወንፊት የተነፋ አፈርና ጥቂት እበት ያለበት 1 ሳንቲ ሜትር። ለ4 በ4 ክፍል 2.80 ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በርና መስኮት ተቀንሶ 41 ካሬ ሜትር ይወጣል፤ ለላይኛው ንብር ከግማሽ ሜትር ኪዩብ ያነሰ ጭቃ ይበቃል። የታችኛው ከመመረጉ በፊት ግድግዳው በውኃ ይረጭ፤ ደረቅ ጭቃ የአዲሱን ውኃ በአንዴ ከጠጣው አይያያዝም።

በላዩ ኖራ። በውኃ የበረደ ኖራ ቀጭን ሆኖ፣ ልክ እንደ ወተት፣ አራትና አምስት ጊዜ ይቀባል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ወፍራም አድርጎ አንዴ ሲቀባ ነው፤ ወፍራም ኖራ በልብስ ይለጠፋል፣ ይላጣል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ በቅቦቹ መካከል አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ግድግዳውም ከመቀባቱ በፊት ርጥበት ይኑረው። ሲቀባ የሚያሳልፍ ይመስላል፤ ነጭ የሚሆነው ሲደርቅ ነው። መነጽር ሳይደረግ አይነካ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ያልበረደ ድንጋይ ኖራ የተገዛ ከሆነ ኖራው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ኖራው አይገለበጥም። ላስቲክነት ያለው የዘመኑ ቀለም በጭቃ ላይ ከሲሚንቶ ትንሽ ይሻላል እንጂ ዞሮ ዞሮ ያው ማፈን ነው።

ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት የኤሌክትሪኩ ነገር ይጨረስ። የድሮ ገመድ ሽፋኑ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከጣሪያ ሥር ያለውን ገመድ አንድ ቦታ ከቆጣሪው አጥፍቶ ማጠፍ ይበቃል፣ ከተላጠ ሁሉም ይለወጣል። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ16 አምፔር ጋር። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ስለሚስብ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 20 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። እንጀራ ሲጋገር የሚሞቅ ሶኬት ያለበት ቤት የእንጨት ኮርኒስ ሊሠራለት አይገባም፣ መጀመሪያ ገመዱ ይስተካከል። የመጨረሻውን ማያያዝ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነና ከተበላሸ በዚያው መመለስ አያሳፍርም፤ ቀላል ነው፣ አየር ያሳልፋል፣ ኖራም ይይዛል። ቺፕውድና ማዞኒት ግን ጅማ ላይ እርጥበት ይጠጡና ይረግባሉ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ከስስ እንጨቶች ተደራርቦ የተጣበቀ ሰሌዳ) የሚመረጥ ከሆነ የሊስትሎው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 60 ላይ የሚመታው በሁለት ዓመት ሆዱን ያወርዳል። ከመመታቱ በፊት ጀርባው አንዴ ይቀባ፤ ፊቱ ብቻ የተቀባ ሰሌዳ ወደ ጀርባው ይታጠፋል።

በርና መስኮት በነሐሴ አልዘጋ ሲል መላጊያ ማንሳት የሁሉም ሰው ልማድ ነው። ጥር ላይ ያ በር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኖረዋል። በበጋ ተልጎ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ይተውለት። የማይቀባው የታችኛው ጠርዝ ነው ውኃ የሚጠጣው፤ በሩ ከማጠፊያው ወርዶ ያ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ካልተቀባ የሌላው ቀለም ዋጋ የለውም። ቪቱ የላላ ማጠፊያ ክብሪት እንጨት አይጠቀጠቅበት፤ ቀዳዳው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ተበስቶ የዋንዛ ኩላብ (የእንጨት ችንካር) በኮላ ይመታና በማግሥቱ አዲስ ቀዳዳ ይከፈትበታል።

አሮጌ የዘይት ቀለም ሲፋቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት እርሳስ አለበት ብሎ ማሰቡ ይሻላል። በደረቁ አይፋቅ፣ በእሳት አይላጥ። እየተረጠበ በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ፍቅፋቂው በላስቲክ ይሰብሰብ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ከቤቱ ይራቁ።

ወለሉ በቁጥር 60 ብርጭቆ ወረቀት ይጀምርና በ80 አልፎ በ120 ያልቃል፣ ሁልጊዜ ከእንጨቱ መስመር ጋር። ቁጥር መዝለል ጭረቱን አያስወግደውም፤ ቫርኒሹ ሲቀባ ያጎላዋል። የመጀመሪያው ቫርኒሽ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አንድ አምስተኛ ይቅጠን፤ ቲነር የዘይት ቫርኒሽን ያበላሻል። ቀጥለው ሁለት ጊዜ ሳይቀጥን፣ በመካከላቸው 24 ሰዓትና በቁጥር 220 ለስለስ ያለ ፍትጊያ። ሊትሩ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለ16 ካሬ ሜትር ሦስት ጊዜ 5 ሊትር ይገዛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ9 ሰዓት በኋላ አይቀባ፤ የምሽቱ ርጥበት ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ ሲያርፍ ነጭ ደመና ይተዋል። ቫርኒሽ የማይወድ ሰው የተፈላ የተልባ ዘይት መጠቀም ይችላል፤ ጥሬው ለሳምንታት ይጣበቃል። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ያስነሳል፤ ወይ ተዘርግቶ ውጪ ይሰጣ፣ ወይ ውኃ ውስጥ ይግባ።

አንድ ጣውላ፣ እርጥብ ሆኖ በተገኘው ጥግ ያለው፣ በምስማር ሳይሆን በአራት ቪት ይታሰር። መስከረም መጨረሻ ላይ ይፈታና እጅ ወደ ውስጥ ገብቶ የሞራሌው ጫፍ ይዳሰስ። ደረቅ ከሆነ ለዓመት ይዘጋል። ከረጠበ ጣውላው ክፍት ይቆይ፣ ውጪ ተወጥቶ የትኛው የአየር ቀዳዳ እንደተደፈነ ይታይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማገዶ የተደረደረበት ነው።